ሰማንያ አምስት ከመቶ

ሽቲፕ ላይ ነበርሁኝ፣ የሒሳብ መምህር፣
ማልዶ ስም የሚጠራ፣ ወንበር የሚቆጥር፤
የመጣው ላይ ጭረት፣
የቀረው ላይ ክበብ፣
ሌላ ሥራ አልነበረው የኔ ሰማያዊ መዝገብ።

አንድ መስከረም ላይ ከስኮፕዬ ወረቀት መጣ፦
«ከመቶው ቀን ሰማንያ አምስቱን ልጁ ካልታጣ፣
በእናቱ ስም ከባንክ ገንዘብ ይውጣ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክሪብቶዬ ከበደ።
ጭረቴ እንጨት ሆኖ በሰው ምድጃ ነደደ፤
ክበቤ የሰው ቤት አበረደ።
በሰላምታ ብቻ ያልፉኝ የነበሩ እናቶች
ዓይኔን ትተው እጄን ያዩ ጀመር፣
ይህ እጅ ነው ለካ የሚሰጥ፣ የሚያስቀር።

ኤልማዛ ነበረች፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮት ሥር፣
ቁጥር ስትጽፍ ደቃቅ፣ የሰፋችው ይመስል በክር።
ራሚዝ ነበረ፣ የመጨረሻው ወንበር፣
ሰኞና ሐሙስ በርበሬ ተራ ነው፣ ከአባቱ ጋር።

ኋላማ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንበሩ ባዶ።
እናቱ መጣች፣ ናዝሚዬ፣ ከወንዙ ማዶ፤
አልለመነችኝም።
አላለቀሰችም።
የመብራት ዕዳዋን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ
እንደ ተማሪ ቆመች፣ እጇን አጣምራ፣ ለአፍታ።
እኔም ያን ማታ
አሥራ አምስት ጭረት ጫርሁ፤ አሥራ አምስት ውሸት፣
እጄ አንዴም ሳይንቀጠቀጥ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ፣ በአንድ ምሽት።

ኤልማዛ ደግሞ በየካቲት ቀረች፤ እናቷ ታማ፣
ሕፃን ወንድሟን ታቅፋ ቤት ስትጠብቅ ከርማ።
ያን ሰሞን ግን ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣
ገጼን በገጽ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ ፈልጎ፤
ፈራሁ።
ክበቡን ከበብሁ፣ እውነቱን፣ አንድ በአንድ፣
ሰማንያ ሁለት ሆነ። ገንዘቡ ቀረ። ልጅቷም ሄደች በዚያው መንገድ፣
ቁልቁል ወደ ስፌት ፋብሪካው፣ ከኢሳር ኮረብታ ሥር፣
በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ የጀርመን ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ልትቋጥር።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት አለፈ።
አንድ ወጣት አጥኚ ኮምፒውተር ታቅፎ ደጄ ላይ አረፈ፤
«ገንዘቡ ምን አመጣ? ማን ተማረ? ማን ሥራ ያዘ?
ጥቅሙ ስንት ዓመት ቆየ? መቼስ ደነዘዘ?»
መዝገቤን ሰጠሁት። ቀመሩን ሠራ።
ራሚዝ «የጸና፣ ፍሬ ያፈራ»፤
ኤልማዛ «ያቋረጠች»፣ በቀይ፣ ከታች ተራ።

እኔ ግን ራሚዝን አውቀዋለሁ፦ ዲፕሎማውን በላስቲክ ጠቅልሎ
ጀርመን አገር፣ የሥጋ ፋብሪካ፣ ሌሊቱን ያድራል አጥንት ነጥሎ፤
ቢሆንም ውሉን ራሱ አንብቦ ነው የፈረመ፣
የትርፍ ሰዓቱን ሲቀንሱበት በጽሑፍ የተቃወመ፤
የናዝሚዬም ቤት ከዚያ ወዲያ አልጨለመ።
ይህ የውሸቴ ፍሬ ነው ወይስ የገንዘቡ?
ለዚህ ዓምድ አላበጀም የወጣቱ መዝገቡ።

ኤልማዛስ?
ትናንት አየኋት፣ ዳቦ ቤት፣ ከልጇ ጋራ፤
ልጅቷ ሒሳቡን ደመረች ጮክ ብላ፣ ሳትፈራ፣
በአንዲት ዲናር ተሳሳተች።
እናቷ ባንኮኒው ላይ በጣቷ አረመች፤
ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ፣ ነጥብ በነጥብ፣
ማንም ያልያዘው መዝገብ።

«መምህር» አለችኝ፣ «ማታ ማታ መማር ጀምሬያለሁ።»
ደስ አለኝ ልላት ስል ምላሴን ያዘኝ፤ ዝም አልሁ።
እሷ ግን መልሷን ተቀብላ፣
«ያኔ ሦስት ቀን ነበር የጎደለኝ» አለች ቀስ ብላ።
አልተቆጣችም። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።
ሳንቲሟን አልቆጠረችም፣
ወይም ቆጥራ ጨርሳለች።